ከኬላ እስከ ታርጋ፤ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ በሮች የባዕድ ተሽከርካሪ አመዘጋገብ ታሪክ

፩. መነሻ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወይም ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ከሦስት ከተሞች በአንደኛዪቱ ሳያልፍ አይሄድም። ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚሄድ ቡራዩን፣ ወደ ጅማ የሚወርድ ሰበታን፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያቀና ሱሉልታን ይረግጣል። ሦስቱም ከመዲናዪቱ መካከል ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙ ስለ ሆነ፣ ተጓዡ ጉዞውን ሲጀምር የሚሰናበትባቸው፣ ሲመለስም ደረስሁ ብሎ የሚያርፍባቸው ስፍራዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ስፍራ በአገራችን ልማድ በር ይባላል። በር ባለበት ደግሞ በረኛ አለ፤ በረኛም መንገደኛውን ሳይጠይቅ አያሳልፍም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ ሦስት በሮች በኩል ስላለፈው የባዕድ ተሽከርካሪ መናገር ነው። ተሽከርካሪ በአገራችን ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ ነገር ሆኖ ኖሯል። በባሕር ማዶ ተሠርቶ፣ በባሕር ተጭኖ፣ በበረሓ ተጎትቶ ወይም በሐዲድ ተሳፍሮ ደርሶ፣ ከዚያ በኋላ ነው «የማን ነህ? ከየትስ መጣህ?» ተብሎ የተጠየቀው። ይህን ጥያቄ የጠየቀው ማን ነው? የትስ ቆሞ ጠየቀ? በምን ሥልጣንስ ጠየቀ?

ብዙ ሰዎች የተሽከርካሪ ምዝገባ ከተሽከርካሪው ጋር አብሮ ከአውሮፓ የገባ ልማድ ነው ብለው ያስባሉ። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ግማሽ እውነት ነው። ወረቀቱና ቆርቆሮው ከውጭ መጥተዋል፤ ጥያቄው ግን ከቀድሞ ጀምሮ በኬላ ሲጠየቅ የኖረ ነው። ምዝገባው ኬላን አላጠፋውም፤ ከመንገድ ዳር ነቅሎ በተሽከርካሪው ግንባር ላይ ቸነከረው እንጂ። ይህም ለውጥ በሦስቱ ከተሞች ለሚኖረው ሕዝብ ቀላል ነገር አለመሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

፪. የኬላ ሕግ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈርዋ በፊት ይህ ምድር የቱለማ ኦሮሞ መኖሪያ ነበር፤ የቦታዎቹም ስም ይህንኑ ይመሰክራል። በኦሮምኛ «ካራ» ማለት መንገድ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ካራ ቆሬ ስሙ «የእሾህ መንገድ» ማለት ሲሆን፣ አስፋልት ከመነጠፉ፣ ኦቶሞቢልም ከመታየቱ በፊት በዚያ ስፍራ መንገድ እንደ ነበረ ያስረዳል። ሌሎችም ካራ የሚል ስም ያላቸው የከተማዪቱ መውጫዎች አሉ። የአማርኛው «በር»ና የኦሮምኛው «ካራ» ጎን ለጎን ሆነው የመዲናዪቱን ዙሪያ ሲሰይሙ መኖራቸው ለታሪክ ተመራማሪ ጥሩ ፍንጭ ነው።

በእነዚህ መንገዶች የጅማና የከፋ ቡና፣ የወለጋ ወርቅ፣ የጎጃም ማርና ከብት በበቅሎና በአህያ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ነጋዴውም በየወንዙ መሻገሪያ፣ በየተራራው ማለፊያና በየገበያው መግቢያ ኬላ ያገኛል። የኬላው ጠባቂ ጭነቱን አይቶ በአሞሌ፣ በጠገራ ብር ወይም በዓይነት ቀረጥ ይቀበላል። በላይ ደግሞ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም የሆነው ነጋድራስ አለ። ቀረጡን የከፈለው ነጋዴ «ይለፍ» ይባላል። ይህ ቃል በመጀመሪያ ከሹም አፍ የሚወጣ ትእዛዝ ነበር፤ በኋላ ትእዛዙ በወረቀት ሲጻፍ ቃሉ ራሱ ስም ሆነ፤ «ይለፍ ያዝሁ»፣ «የይለፍ ወረቀት አወጣሁ» ተባለ። የቃል ትእዛዝ ወደ ወረቀት መለወጡን በአንድ ቃል ውስጥ እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

ስለ ኬላ ሁለት ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ኬላ የሚመረምረው ጭነቱን ነው። በቅሎዪቱ ዳማ ትሁን ቦራ፣ የኬላውን ሹም ብዙ አይገደውም። የእንስሳይቱ ነገር የሚመረመረው በገበያ፣ በሽያጭ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ገዢው «ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣብኝ ማን ይቆምልኛል?» ብሎ ዋስ ይጠይቃል። ስለዚህ የንብረቱ ማረጋገጫ የታወቀ ሰው ቃል እንጂ ወረቀት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ኬላ በአንድ ስፍራ የሚቆም ነው። ነጋዴው በኬላው ሊበደልና ሊዘገይ ይችላል፤ በብዙ ኬላ ደጋግሞ መቀረጡም ንግድን የሚጎዳ ችግር ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ያ ኬላ ተከትሎት አይሄድም። በገበያው መካከል ሲቆም ከየትኛው በር እንደ መጣ በግንባሩ ተጽፎ አይነበብም።

፫. መዝገብ በሌለበት አገር የገባች ኦቶሞቢል

ለኦቶሞቢል የሚሆን መንገድ በአዲስ አበባ ዙሪያ መጀመሪያ የተሠራው በቡራዩ በር በኩል ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የማገዶ እንጨት እጥረት ስላስጨነቃቸው መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ። በኋላ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ስለ በረከተ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች። ወደ አዲስ ዓለም እንዲወስድ የተሠራው መንገድ ግን ቀረ፤ እንጨትም ይጓጓዝበት ጀመር። በዚያው ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ከውጭ ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው የእንፋሎት መኪና በአዲስ አበባ ታየ። ሐዲድ የማያስፈልገው ባቡር ማየት ለሕዝቡ ትልቅ መደነቂያ ሆነ።

እውነተኛ ኦቶሞቢል የመጣው ግን በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን ኦቶሞቢል ይዞ፣ በረሓውንና አቀበቱን በብዙ ድካም አልፎ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ወቅት ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝም በኦቶሞቢል መጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ለአዲስ ነገር በነበራቸው ፍቅር ኦቶሞቢሊቱን በደስታ ተቀብለው ተሳፈሩባት።

የቤንትሊ ኦቶሞቢል ከተነሣችበት አገር ሕግ አንጻር ስትታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በፓሪስ ከተማ ተሽከርካሪ ሠሌዳ እንዲለጥፍ የታዘዘው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ነው። በእንግሊዝ አገርም በ1903 በወጣው ሕግ መሠረት ከጥር 1904 ጀምሮ ማናቸውም ኦቶሞቢል ሊመዘገብና ቍጥር ሊይዝ ግዴታ ሆነ። ስለዚህ ቤንትሊ የተነሣው ኦቶሞቢል በመዝገብ ከሚታወቅበት አገር ሲሆን፣ የደረሰው ግን ጭነት በኬላ እንጂ ተሽከርካሪ በመዝገብ ወደማይታወቅበት አገር ነው። ኢትዮጵያ የኬላ ሕግ ነበራት፤ የሠሌዳ ሕግ ግን አልነበራትም።

ይህ ጉድለት የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የክሎቡኮቭስኪ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል የኢትዮጵያ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ሊቀበል የሚችለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተወሰነ። በፈረንሳይ ዜጎች መካከል የሚነሣው ክርክር በቆንስላቸው እንዲታይ፣ ኢትዮጵያዊና ፈረንሳዊ ሲካሰሱም ኢትዮጵያዊው ዳኛ ቆንስሉን አስቀምጦ እንዲፈርድ ተደረገ። ሌሎች መንግሥታትም ይህን መብት ለዜጎቻቸው ይጠይቁ ነበር። እንግዲህ አንድ የባዕድ ሰው ኦቶሞቢል አምጥቶ በአዲስ አበባ ቢነዳ፣ የአገሩ መንግሥት በቀረጡ ሙሉ ሥልጣን አልነበረውም፤ በነጂውም ላይ ሙሉ ዳኝነት አልነበረውም። የተሽከርካሪ ምዝገባ ከሉዓላዊነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ይህ ዘመን አጕልቶ ያሳያል። አገር በግዛቱ የሚነዳውን በስሙ መዝግቦ፣ ያጠፋውን በዳኛው ፊት ማቆም ካልቻለ፣ መንገዱ የእርሱ ሲሆን መኪናው የሌላ መንግሥት ደሴት ይሆናል።

፬. የቃላት ምስክርነት

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከውጭ የሚመጡ ኦቶሞቢሎች ቍጥር ጨመረ። ስለ አመዘጋገባቸው የሚናገረው ሰነድ ተበታትኖ ቢገኝም፣ ሹፌሮችና መካኒኮች ዛሬም የሚጠቀሙባቸው ቃላት ዘመናቱን ለይተው ያሳዩናል።

የመጀመሪያው ንብር አገር በቀል ነው፤ ኬላ፣ ቀረጥ፣ ይለፍ፣ ጭነት፣ ማራገፍ። «መንዳት» የሚለው ግሥ ራሱ ከዚህ ወገን ነው። ሰው መኪና ከመንዳቱ በፊት በሬና አህያ ይነዳ ነበርና፣ አዲሱን ሥራ በአሮጌው ቃል ጠራው።

ሁለተኛው ንብር የምድር ባቡሩ ዘመን የፈረንሳይኛ ተጽዕኖ ነው፤ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ለገሃር። ሹፌር በፈረንሳይኛ ሥሩ «አሟቂ»፣ ማለት እሳት አንዳጅ ነው፤ በእንፋሎት መኪና ዘመን የወጣ ስም ነውና። የእኛ ሹፌር እሳት ባያነድም ስሙን ወርሶ ቀርቷል።

ሦስተኛውና ለዚህ ጽሑፍ ዋና የሆነው ንብር የኢጣልያንኛው ነው፤ መኪና፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ታርጋ፣ ቦሎ። «ቦሎ» በኢጣልያንኛ ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ የዓመቱ ምርመራና ክፍያ መፈጸሙን ለሚያሳየው በመስተዋት ላይ ለሚለጠፍ ወረቀት ስም ሆኗል። የባለቤትነት ደብተሩ «ሊብሬ» ይባላል፤ ይህ ቃል ከኢጣልያንኛው «ሊብሬቶ» ወይም ከፈረንሳይኛው «ሊቭሬ» የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ትንሽ መጽሐፍ ማለት ናቸው። ይህ ስብስብ የሚነግረን አለ። የመኪናው አካል ስም ብቻ ሳይሆን የቢሮው ሥራ ስም ጭምር ኢጣልያንኛ መሆኑ፣ የምዝገባው ቋንቋ በሰፊው የገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን መሆኑን ያመለክታል። ወራሪው ወደ ጅማ፣ ወደ ወለጋና ወደ ጎጃም የሚወስዱትን መንገዶች የሠራው ለጦሩና ለጭነት መኪናዎቹ ነው። መኪናዎቹንም እየቈጠረ ሠሌዳ አደረገላቸው። ስለዚህ በሦስቱ በሮች ላይ የኬላው ገመድ በቆርቆሮ ሠሌዳ መተካት የጀመረው ሉዓላዊነት በተነጠቀበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

«ታርጋ» የሚለው ቃል በጥንት ትርጕሙ ጋሻ ማለት ነው፤ በኢጣልያንኛ ከጋሻ ወደ ሠሌዳ ተዛውሯል። በአገራችንም የጦር ሰው ጋሻ በብር ወይም በወርቅ ጌጥ የባለቤቱን ማዕረግ ያሳውቅ ነበር። ጋሻውን ያየ ሰው ባለጋሻውን ይለይ ነበርና፣ በቃሉ ጥንተ ትርጕምና በእኛ ልማድ መካከል ያለው መቀራረብ እግረ መንገዱን ሊታወስ የሚገባው ነው።

አራተኛው ንብር ከነጻነት በኋላ በመንግሥት ጽሕፈት የተለመደው ነው፤ ተሽከርካሪ፣ አሽከርካሪ፣ መለያ ሠሌዳ፣ መንጃ ፈቃድ። «ተሽከርካሪ» ከመሽከርከር እንደ ወጣ ሁሉ፣ የኦሮምኛው «ኮንኮላታ»ም ከመንከባለል የወጣ ነው፤ ነጂውም «ኮንኮላቺሳ» ይባላል። ሁለቱ ቋንቋዎች የባዕዱን ዕቃ ከእንቅስቃሴው ተነሥተው በአንድ ዓይነት አስተሳሰብ ሰይመውታል። በሰበታና በቡራዩ ገበያ ግን ሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪ ከመንግሥት ቃል ይልቅ «ታርጋ»ና «ሊብሬ» ማለትን ይመርጣል።

፭. ግራና ቀኝ

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ሦስት ነገሮችን በራሱ እጅ ማድረግ ነበረበት፤ ሕጉን፣ መንገዱንና የአነዳዱን አቅጣጫ።

ስለ ሕጉ፣ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር አዋጅና ደንብ በየጊዜው የሚገለጥበት መድረክ ተገኘ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2081ኛው ቍጥር፣ የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን፣ ይህም ኀላፊነት ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን እንደማይቀር ደነገገ። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ በመዝገብ ካልታወቀ ግን ተጎጂው ማንን ይከሳል? ስለዚህ ሊብሬው ለመንግሥት ገቢ ብቻ ሳይሆን ለተገጨው እግረኛም የተጻፈ ደብተር ሆነ። በገበያ የዋሱ ቃል ይሠራው የነበረውን፣ አሁን የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር፣ የመኪናው ቀለምና የፈረስ ጉልበቱ የሰፈረበት ወረቀት ይሠራው ጀመር። ሻጭና ገዢ ቢሮ ቀርበው የሚፈጽሙት «ስም ማዞር» የተባለው ሥርዓትም የቀድሞው የዋስ ጥሪ ወራሽ ነው።

ስለ መንገዱ፣ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከሰበታ በር ሳይርቅ በዓለም ገና የመንገድ ሥራ ማሠልጠኛ ስለ ተከፈተ፣ የባዕዱን መኪና የሚያንቀሳቅሱና የሚጠግኑ ኢትዮጵያውያን በዚህ ስፍራ ሠለጠኑ። ሹፌሩ «ኤን ትሬ» የሚለው የፊያት ካሚዮን በሦስቱም መንገድ የሚታወቅ ሆነ። በቅሎ ነጂ የነበረው ሰው ልጅ ረዳት፣ ረዳቱም ሹፌር የሆነው በዚህ ዘመን ነው።

ስለ አቅጣጫው ደግሞ፣ ኢጣልያ በቀኝ የሚነዳ፣ እንግሊዝ በግራ የሚነዳ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ይነዳ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን መላው አገር ወደ ቀኝ ተሻገረ። ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967፣ ጎረቤታችን ሱዳን በ1973 ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያ ከሁለቱም ቀደመች። ለውጡን ቀላል አድርጎ መመልከት አይገባም። በሱሉልታ በኩል ከእንጦጦ ቍልቍለት የሚወርድ የጭነት መኪና ነጂ፣ ከሰኔ 1 በፊት ከገደሉ የሚጠብቀውን ጎን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እጁንና ዓይኑን በአዲስ ማስተማር ነበረበት። የባዕድ መኪና በባዕድ ሥርዓት ሲነዳ በኖረበት አገር፣ ሥርዓቱን በአንድ ቀን ለውጦ በሁሉ ላይ እኩል ማዘዝ የሉዓላዊነት ምልክት ነው። ኢትዮጵያዊውም፣ አርመናዊውም፣ የኤምባሲው ሹፌርም በዚያ ቀን አንድ ሕግ ታዘዙ።

ባዕድነት ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫቸውን በአዲስ አበባ ስላደረጉ፣ ያለ ቀረጥ የሚገቡና የተለየ ሠሌዳ የሚለጥፉ ተሽከርካሪዎች በዙ። እነዚህ ለአገር ሰው ሲሸጡ ቀረጣቸው ይጠየቃል። መኪናው ያው መኪና ሆኖ ሳለ፣ ቆርቆሮው ሲለወጥ ዜግነቱ ይለወጣል ማለት ነው።

፮. ፊደልና ቀለም

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ክልሎች ሲደራጁ፣ የተሽከርካሪ ምዝገባም በክልል መከፈል ያዘ። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ሥርዓት የሠሌዳው ቀለምና መለያ ቍጥር የተሽከርካሪውን አገልግሎት ያሳያል፤ 1 ቍጥር በቀይ የታክሲ፣ 2 ቍጥር በሰማያዊ የግል፣ 3 ቍጥር በአረንጓዴ የንግድ፣ 4 ቍጥር በጥቍር የመንግሥት ነው። ፊደሉ ደግሞ ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ያመለክታል፤ «አአ» ለአዲስ አበባ፣ «ኦሮ» ለኦሮሚያ፣ «ኢት» በአገር አቀፍ ደረጃ ለተመዘገቡት ነው። አዋጅ ቍጥር 681/2002 ምርመራውን፣ ሠሌዳውንና ምዝገባውን አጠቃልሎ ደንግጓል።

ይህ ሥርዓት በጎንደር ወይም በሐረር ለሚኖር ሰው ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ግን ሌላ መልክ አለው። በነዚህ ከተሞች የሚያድር ብዙ ሰው ቀን ሥራው መርካቶ ወይም ፒያሳ ነው። ጠዋት ከ«ኦሮ» ወደ «አአ»፣ ማታ ከ«አአ» ወደ «ኦሮ» ይሻገራል። ልጁን የሚያስተምርበት፣ የሚታከምበት፣ የሚነግድበት ስፍራ ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ተበትኗል። የታክሲው የመስመር ፈቃድ የሚሰጠው በተመዘገበበት በኩል ስለ ሆነ፣ ወሰኑ በምድር ላይ ባይታይም በመናኸሪያው ይታወቃል። ከህንድ አገር የመጣችው ባለ ሦስት ጎማ ባጃጅ ደግሞ ከተመደበላት ክልል እንድትወጣ አይፈቀድላትም። ተሳፋሪው ከእርሷ ወርዶ፣ ጥቂት በእግሩ ሄዶ፣ ሌላ ተሽከርካሪ ይሳፈራል። የጥንቱ ነጋዴ በኬላው ከበቅሎው ሳይወርድ ያልፍ እንደ ሆነ አናውቅም፤ የዛሬው ተሳፋሪ ግን ሲወርድ በዓይናችን እናያለን።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ፊደሉ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ሰውየው የሚናገር መስሎ መታየቱ ነው። ሠሌዳው የሚመሰክረው መኪናው የት እንደ ተመዘገበ ብቻ ነው። ባለቤቱ የየት ተወላጅ እንደ ሆነ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ ምን እንደሚያስብ አይናገርም። ይሁን እንጂ ዘመኑ ሲከፋ ፊደሉን እንደ ሰውየው ዘር የሚያነበው አይጠፋም። የጥንቱ ኬላ የጠየቀው «ምን ጭነሃል?» ብሎ ነበር፤ በክፉ ቀን በሠሌዳው የሚጠየቀው ግን «አንተ ማነህ?» የሚለው ነው። መንገደኛም ለመጀመሪያው ጥያቄ ቀረጥ ከፍሎ ያልፍ ነበር፤ ለሁለተኛው የሚከፈል ቀረጥ የለም።

የሦስቱ ከተሞች ሕዝብ ይህን ጉዳይ እንደ ፍልስፍና አይመለከተውም። በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተብለው ተደራጁ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ማስተር ፕላን ለማያያዝ የታሰበው ዕቅድ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ ብዙ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። መንግሥት ዕቅዱን መተዉን በጥር 2008 ዓ.ም. አስታወቀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው የሸገር ከተማ ተባሉ። የተቃውሞው ሥር የመሬት ጉዳይ መሆኑ የታወቀ ነው። መንገድ በሰፋ ቍጥር፣ ካሚዮን በበዛ ቍጥር፣ ከተማም በቀረበ ቍጥር የሚነቀለው በመንገዱ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ነውና፣ ወሰን ለእርሱ መከላከያ ሆኖ ሊታየው ይችላል። ለተመላላሹ ሠራተኛ ግን ያው ወሰን መሰናክል ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ታሪክ ጸሓፊ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሰማ እንደ ሆነ የመንገዱን አንድ ጎን ብቻ የጻፈ ይሆናል።

በዚህ መካከል የባዕዱ መኪና የሚገባበት በርም ተዛውሯል። የቀድሞው ባቡር የሚቆመው በከተማዪቱ መካከል በለገሃር ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያና የጅቡቲ አዲስ ሐዲድ ግን ጫፉን ያደረገው በሰበታ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብቻ እንዲገባ መወሰኑ ተገለጠ። መንግሥት በክሎቡኮቭስኪ ውል ዘመን የቀረጡን ልክ እንኳ በራሱ መወሰን አይችልም ነበር። ዛሬ ግን የሚገባውን መኪና ዓይነት እስከ መወሰን ደርሷል። በደጅ ያለው ሥልጣን ተመልሷል ማለት ነው። የሚቀረው በቤት ውስጥ ያለው በር ነው።

፯. መደምደሚያ

ከላይ የተባለውን ለማጠቃለል፣ የባዕድ ተሽከርካሪ በኢትዮጵያ ሲመዘገብና ሲነዳ ሦስት ዘመን አልፏል። በመጀመሪያው የኬላ ሕግ ላለው፣ የሠሌዳ ሕግ ለሌለው አገር እንግዳ ሆኖ መጣ። በሁለተኛው የወራሪው ቋንቋ ስምና ቍጥር ሰጠው። በሦስተኛው አገሩ ሕጉን፣ መንገዱንና ጎኑን ራሱ ወስኖ የራሱ አደረገው። በቤተ ዘመድ ዘንድም መኪና የተገዛ ዕለት ቡና ተፈልቶ፣ ሽማግሌ መርቆ፣ «የሰላም ያድርግልህ» ተብሎ፣ እንደየሃይማኖቱ ሥዕል ወይም የቍርኣን ቃል ከመስተዋቱ ሥር ሲሰቀል፣ እንግዳው ዕቃ የቤት ልጅ ይሆናል። ከባሕር ማዶ ለመጣ ብረት ይህን ያህል አቀባበል የሚያደርግ ሕዝብ፣ ከ15 ኪሎ ሜትር ለመጣ ጎረቤቱ በፊደል ምክንያት እንግድነት እንዲሰማው ማድረግ አይገባውም።

ለተማሪዎቻችን አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በሦስቱ ከተሞች ከሰኔ 1956 በፊት በግራ፣ ከዚያ በኋላ በቀኝ የነዱ አረጋውያን ሹፌሮች ቍጥራቸው በየዓመቱ እያነሰ ነው። አሮጌ ሊብሬዎች፣ የይለፍ ወረቀቶችና ቦሎዎች በየሣጥኑ እየተቀደዱ ይጠፋሉ። እነዚህ ሰነዶችና የሽማግሌዎቹ ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም ሊሰበሰቡ ይገባል። ሰብሳቢውም በአንድ ቋንቋ ብቻ የሄደ እንደ ሆነ የታሪኩን ግማሽ ይዞ እንደሚመለስ ከወዲሁ ይወቅ። ሠሌዳ መልኩና ቀለሙ በየጊዜው ይለወጣል፤ ከዚህ በፊትም ተለውጧል። መመዝገብ ያለበት ግን ሠሌዳው ብቻ አይደለም። ከሠሌዳው በስተኋላ ተሳፍሮ በእነዚህ በሮች ሲመላለስ የኖረው ሰው ታሪክም እንዲሁ ነው።